ሦስቱም ቦንዶች ከአንድ መሳሳብ ይነሳሉ

(ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በክለሳ ክፍለ ጊዜ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ተስተካክሏል።)

ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ። አብራችሁን የተቀመጣችሁ መምህራንም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምንከልሰው ኬሚካል ቦንዲንግን፣ ማለትም አቶሞች እርስ በርስ የሚያያዙበትን መንገድ ነው። ደብተራችሁ ላይ ምን እንዳለ ይገባኛል። ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው። አዮኒክ፦ ሜታልና ኖንሜታል፣ ኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል። ኮቫለንት፦ ኖንሜታልና ኖንሜታል፣ ኤሌክትሮን መጋራት። ሜታሊክ፦ ሜታል ብቻ፣ የኤሌክትሮን ባሕር። ይህን ቸክሎ ፈተና መግባት ይቻላል። የተወሰነ ነጥብም ያስገኛል። ግን ጥያቄው ትንሽ ጠመም ሲል ሠንጠረዡ መልስ የለውም።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ደግሜ አላነብላችሁም። የመጣሁት አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ሦስቱም ቦንዶች የሚነሱት ከአንድ መሳሳብ ነው። ፖዘቲቭ የሆነው ኒውክለስ ኔጋቲቭ የሆነውን ኤሌክትሮን ይስባል። ሌላ የተለየ ኃይል የለም። ልዩነቱ ኤሌክትሮኑ የት ያዘወትራል የሚለው ነው። አንዱ አቶም ዘንድ ጠቅልሎ ከገባ አዮኒክ እንለዋለን። በሁለት አቶሞች መሃል ከዋለ ኮቫለንት እንለዋለን። በመላው ቁስ ውስጥ ከተበተነ ሜታሊክ ነው። ይህን ከያዛችሁ ሠንጠረዡን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። የት ቦታ ላይ እንደማይሠራም ታውቃላችሁ።

ከጨው እንጀምር። «ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን መስጠት ይፈልጋል፣ ክሎሪን መቀበል ይፈልጋል፣ ተገናኙና ሁለቱም ደስ አላቸው» የሚለውን ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። አሁን በቁጥር እንየው። ከሶዲየም አቶም አንድ ኤሌክትሮን ለመንቀል በሞል (ሞል የአቶሞች ቋሚ ብዛት መለኪያ ነው) 496 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ነው። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን በፈቃዱ አይሰጥም፤ ኒውክለሱ ይዞታል። ክሎሪን ኤሌክትሮኑን ሲቀበል ደግሞ የሚለቀው 349 ኪሎጁል ብቻ ነው። ስትቀንሱት 147 ኪሎጁል ይጎድላል። ማለትም አንድ ሶዲየም አቶምና አንድ ክሎሪን አቶም ተራርቀው እያሉ ኤሌክትሮን ቢለዋወጡ ነገሩ ኪሳራ ነው።

ታዲያ ጨው እንዴት ተሠራ? ኪሳራውን የሚሸፍነው የአዮኖቹ፣ ማለትም ኤሌክትሮን በመስጠት ወይም በመቀበል ቻርጅ የያዙት አቶሞች፣ መሰባሰብ ነው። ፖዘቲቭ የሆነው ሶዲየምና ኔጋቲቭ የሆነው ክሎራይድ ተቀራርበው፣ በየአቅጣጫው ተደርድረው ጠጣር ሲሆኑ በሞል 787 ኪሎጁል ይለቀቃል። ላቲስ ኢነርጂ የምንለው እሱን ነው። ፈተና ላይ «የአዮኒክ ቦንድ መነሻ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ «ኤሌክትሮን መስጠት» ብላችሁ አታቁሙ። የኤሌክትሮኑ መሸጋገር አዮኖቹን ይፈጥራል። ቦንዱ ግን የአዮኖቹ መሳሳብ ነው።

ሙሉ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጠጣር ሶዲየምን ወደ ነጠላ አቶም ለመለወጥ 107። ግማሽ ሞል የክሎሪን ጋዝን ወደ አቶም ለመክፈል 121። ኤሌክትሮኑን ለመንቀል 496። የወጪው ድምር 724 ነው። አሁን ገቢው። ክሎሪን ኤሌክትሮን ሲቀበል 349፣ ላቲሱ ሲሠራ 787፣ ድምሩ 1,136። ልዩነቱ 412 ኪሎጁል ትርፍ ነው። መጻሕፍት ላይ የሶዲየም ክሎራይድ የመሠራት ኢነርጂ ከዜሮ በታች 411 ተብሎ ታገኙታላችሁ። የአንዷ ልዩነት የመጣው ቁጥሮቹን ስላጠጋጋን ነው። ቦርን-ሀበር ሳይክል ብለው የሚያስፈራሯችሁ ነገር ይኸው ነው፤ መደመርና መቀነስ። እኔ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የምወደው ስሌት የለም። ምክንያቱም ጨው ለምን እንዳለ በእርሳስና በወረቀት ያሳያል።

ከዚህ ሌላ ነገርም ይወጣል። ማግኒዥየም ሁለት ኤሌክትሮን ለመልቀቅ በድምሩ 2,189 ኪሎጁል ይጠይቃል። ኦክስጅን ሁለተኛውን ኤሌክትሮን ሲቀበል ደግሞ ኢነርጂ ይወስዳል እንጂ አይለቅም። እንዲህ ሆኖ ማግኒዥየም ኦክሳይድ እጅግ የጸና ነገር ነው። ለምን? ቻርጁ ፕላስ ሁለትና ማይነስ ሁለት ስለሆነ መሳሳቡ ከጨው ይልቃል። አዮኖቹም ትንንሽ ስለሆኑ በጣም ይቀራረባሉ። ላቲስ ኢነርጂው ከ3,700 ኪሎጁል ይበልጣል። የገበታ ጨው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ግን እስከ 2,850 ዲግሪ ገደማ ይጸናል። ብረት የሚቀልጥባቸው ምድጃዎች ውስጠኛ ጡብ ከእሱ የሚሠራው ለዚህ ነው። «የቱ ከፍ ያለ መቅለጫ አለው?» ሲባል ሁለት ነገር ብቻ ተመልከቱ፤ የቻርጁን መጠን፣ ከዚያ የአዮኑን ስፋት።

አንድ የምደጋግመው ነገር አለ። በጠጣር ጨው ውስጥ «አንድ የሶዲየም ክሎራይድ ሞለኪውል» የሚባል የለም። እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎራይድ ተከቧል። እያንዳንዱ ክሎራይድም በስድስት ሶዲየም ተከቧል። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1913 በኤክስሬይ ያሳዩት ብራግ አባትና ልጅ ናቸው። በ1915 የፊዚክስ ኖቤል ሲሸለሙ ልጁ ሎረንስ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ሁሉም ሰው ግን ወዲያው አልተቀበለውም። ሄንሪ አርምስትሮንግ የተባለ አንጋፋ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1927፣ ያውም ከ14 ዓመት በኋላ፣ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የጨውን ሞለኪውል ማን ወሰደብኝ የሚል መንፈስ ያለው የቁጣ ደብዳቤ ጽፏል። ሞለኪውሉ ከአእምሯችሁ አልወጣ ካለ ብዙ አትጨነቁ፤ ትልልቆቹም ተቸግረውበታል። ፈተናው ላይ ግን ትንሹን የአዮኖች ጥምርታ «ፎርሙላ ዩኒት» በሉት፤ «ሞለኪውል» አትበሉ።

አሁን የጨውን ጠባይ ከዚህ ሥዕል እናውጣ። ጠጣሩ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። አዮኖቹ አሉ፣ ግን ቦታቸው ላይ ተጣብቀዋል። ሲቀልጥ ወይም ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ይንቀሳቀሳሉ፣ ያን ጊዜ ያስተላልፋል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «ኤሌክትሮን ስለተንቀሳቀሰ» ብሎ ይጽፋል። አይደለም። በጨው ውሃ ውስጥ ቻርጅ ተሸካሚዎቹ አዮኖቹ ናቸው።

ጨው ሲመታ ደግሞ ይሰነጠቃል። በአፋር የጨው ሜዳ ጨው ቆራጮች ንጣፉን በመጥረቢያ ፈንቅለው አሞሌ ይቀርጻሉ። ያ አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአገራችን እንደ ገንዘብ አገልግሏል። የአሞሌውን ቅርጽ የሰጠው የሰው እጅ ነው፣ ቦንዱ አይደለም። ግን አንዲት ደህና የጨው ፍሬ አንሥታችሁ በማጉያ መነጽር ብታዩ ጠርዟ ቀጥ ብሎ፣ ማዕዘኗ 90 ዲግሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስትሰብሯትም በዚያው መስመር ትሰበራለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስትመቷት አንዱ ረድፍ በአንድ አዮን ያህል ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። መሳሳቡ ወደ መገፋፋት ይለወጣል። ጨውም ለሁለት ይከፈላል።

ወደ ኮቫለንት እንሂድ። ከሁሉም ቀላሉ ሃይድሮጅን ነው። ሁለት ኒውክለስ፣ ሁለት ኤሌክትሮን። አቶሞቹ ሲቀራረቡ ኤሌክትሮኖቹ በመሃል መዋል ይጀምራሉ። በመሃል ያለ ኤሌክትሮን በሁለቱም ኒውክለስ ይሳባል። ሁለቱም ኒውክለሶች ወደ እሱ ስለሚሳቡ አብረው ይያዛሉ። «መጋራት» ማለት ይህ ነው፤ ደግነት የለበትም። ሲቀራረቡ ኢነርጂያቸው እየወረደ ሄዶ በ74 ፒኮሜትር ርቀት ላይ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ብታቀራርቧቸው ኒውክለስና ኒውክለስ ይገፋፋሉ። ቦንዱን መልሶ ለመበጠስ በሞል 436 ኪሎጁል ይጠይቃል። ያ ግራፍ በተደጋጋሚ በፈተና ይመጣል። ታችኛው ነጥብ ሁለት ነገር ይነግራችኋል፤ ወደ ጎን የቦንዱን ርዝመት፣ ወደ ታች የቦንዱን ኢነርጂ።

በነጥብ የምትስሏቸው ጥንድ ኤሌክትሮኖች የጊልበርት ልዊስ ሐሳብ ናቸው፤ በ1916 ነው ያሳተመው። «ኮቫለንስ» የሚለውን ቃል በ1919 ያመጣው ላንግሚዩር ነው። የሚገርመኝ ልዊስ ይህን ያሰበው ኳንተም ሜካኒክስ ሳይመጣ መሆኑ ነው። ሄይትለርና ለንደን የሃይድሮጅንን ቦንድ በኳንተም ስሌት ያስረዱት በ1927 ነው። ከ11 ዓመት በፊት በነጥብ የተሳለው ጥንድ መሠረት እንዳለው ታየ። ልዊስ ግን ኖቤል ሳይሸለም ሞተ።

እዚህ አንድ ትልቅ ስሕተት ላርም። «ኮቫለንት ቦንድ ደካማ ነው፣ አዮኒክ ቦንድ ጠንካራ ነው» የሚል ማስታወሻ ብዙ ደብተር ላይ አለ። ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው ውሃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ፣ ጨው ግን ለመቅለጥ 801 መፈለጉ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ውሃ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግን ውሃ ሲፈላ ምን ተበጠሰ? ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ውሃ ነው፤ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተለያይተው አልወጡም። አንድ ሞል ውሃ ለማትነን 41 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። በሞለኪውሉ ውስጥ ያለውን አንዱን የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቦንድ ለመበጠስ ግን ወደ 463 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ውሃ ስናፈላ የምናላቅቀው ሞለኪውልን ከሞለኪውል ነው። በሞለኪውሉ ውስጥ ያለውን ቦንድ አልነካነውም።

ይህን ለማየት ካርቦን ዳይኦክሳይድንና አሸዋን አወዳድሩ። ካርቦንና ሲሊከን በፔሪዮዲክ ቴብል ላይ አንዱ ከአንዱ በታች ናቸው። ፎርሙላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ካርቦን ወይም ሲሊከን፣ ሁለት ኦክስጅን። ሁለቱም ኮቫለንት ናቸው። አንዱ የምንተነፍሰው ጋዝ ነው፤ ጠጣሩም ከዜሮ በታች በ78 ዲግሪ ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ሌላው፣ የአሸዋው ኳርትዝ፣ 1,700 ዲግሪ አልፎ ነው የሚቀልጠው። ልዩነቱ የቦንዱ ዓይነት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሦስት ሦስት አቶም ያላቸው የተነጣጠሉ ሞለኪውሎች ነው። ኳርትዝ ግን ከዳር እስከ ዳር በኮቫለንት ቦንድ የተያያዘ አንድ መረብ ነው። ለማቅለጥ ቦንዶቹን ራሳቸውን መበጠስ የግድ ነው። ስለዚህ «ኮቫለንት ነው» ካላችሁ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቁ፤ ሞለኪውል ነው ወይስ መረብ?

በሞለኪውሎች መካከል ካሉት መሳሳቦች ሃይድሮጅን ቦንድን ለይታችሁ ያዙ። ሃይድሮጅን ከፍሎሪን፣ ከኦክስጅን ወይም ከናይትሮጅን ጋር ሲያያዝ ይታያል። ከኦክስጅን ሥር ያለው ሰልፈር ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከውሃ ይከብዳል፤ ቢሆንም ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ ይፈላል። የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ቦንድ ባይያያዙ ኖሮ ሐይቆቻችን በሙሉ ጋዝ በሆኑ ነበር። ይህ መሳሳብ ከእውነተኛው ኮቫለንት ቦንድ በብዙ ያንሳል፤ በሞል ወደ 20 ኪሎጁል ቢሆን ነው። ግን ብዙ ስለሆነ ይሠራል።

ሜታሊክ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ለዚህ ክፍል የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ኤሌክትሮን በ1897 በቶምሰን ከታወቀ ከሦስት ዓመት በኋላ ፖል ድሩደ የተባለ ጀርመናዊ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በሜታል ውስጥ የውጭኞቹ ኤሌክትሮኖች የማንም አቶም ንብረት ሳይሆኑ በነጻነት ይንቀሳቀሳሉ አለ። ኋላ ብዙ ተሻሽሏል፤ ለእናንተ ደረጃ ግን መሠረቱ ይበቃል። ፖዘቲቮቹ አዮኖች ይደረደራሉ፣ ኤሌክትሮኖቹ በመሃላቸው ይዘዋወራሉ፣ አዮኖቹና ኤሌክትሮኖቹ ይሳሳባሉ። አንጥረኛ ብረቱን ሲቀጠቅጥ ረድፉ ይንሸራተታል፤ ግን ኤሌክትሮኖቹ በየትኛውም ቦታ ስላሉ መሳሳቡ አይቋረጥም። ስለዚህ ብረቱ ይለጠጣል እንጂ እንደ ጨው አይከፈልም። ሶዲየም በ98 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ማግኒዥየም በ650። አንዱ አንድ፣ ሌላው ሁለት ኤሌክትሮን ያዋጣል። አሉሚኒየም ሦስት ያዋጣል፣ ግን የሚቀልጠው በ660 ነው፤ ጭማሪው ትንሽ ነው። የአደራደርና የሌሎች ነገሮች ተጽዕኖ አለ። ደንቡ አቅጣጫ ያሳያል፤ ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ የሚግለው ሽቦ ከኒኬልና ከክሮሚየም የተቀየጠ ነው። ለምን መዳብ አልሆነም? መዳብ ኤሌክትሮኖቹን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ የሚፈለገውን ሙቀት በዚያ ርዝመት አይሰጥም። ቅይጡ ውስጥ የተለያየ መጠን ያላቸው አቶሞች ያለ ወጥ ቅደም ተከተል ተሰባጥረዋል። ኤሌክትሮኖቹ ሲያልፉ ይሰናከላሉ፣ ኢነርጂያቸውን ለአቶሞቹ ያስረክባሉ፣ ሽቦው ይግላል። ክሮሚየሙ ደግሞ ላይኛው ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ሠርቶ ሽቦው ቶሎ እንዳይበላ ይጠብቀዋል። እንጀራው የሚበስለው በሜታሊክ ቦንድ ጠባይ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ድንበሩ እንምጣ። ፈተና አውጪ የሚወደው ቦታ ይህ ነው። ሊነስ ፖውሊንግ በ1932 ኤሌክትሮኔጋቲቪቲን፣ ማለትም አንድ አቶም በቦንድ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የመሳብ ዝንባሌውን፣ በቁጥር አስቀመጠ። ፍሎሪን 3.98፣ ኦክስጅን 3.44፣ ክሎሪን 3.16፣ ሃይድሮጅን 2.20፣ ሶዲየም 0.93። በክፍል የሚነገረው ደንብ «ልዩነቱ ከ1.7 በላይ ከሆነ አዮኒክ» ይላል። ጨው 2.23 ይሰጣል፤ ልክ ነው። ሃይድሮጅን ፍሎራይድን አስሉት። 1.78 ይመጣል። እንደ ደንቡ አዮኒክ መሆን ነበረበት። እሱ ግን በ20 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ሞለኪውል ነው። ሶዲየም ሃይድራይድን አስሉት። ልዩነቱ 1.27 ብቻ ነው። እንደ ደንቡ ኮቫለንት ነው። እሱ ግን ሃይድሮጅን ኔጋቲቭ አዮን ሆኖ የሚገኝበት አዮኒክ ጠጣር ነው። «ሜታልና ኖንሜታል» የሚለውም ይወድቃል። አሉሚኒየም ክሎራይድ ሜታልና ኖንሜታል ነው። ግን በ180 ዲግሪ ገደማ ሳይቀልጥ ወደ ጋዝነት ይሄዳል፤ ጋዙም ሞለኪውል ነው።

ደንቡ ለምን ወደቀ? ተፈጥሮ 1.7 ላይ አጥር ስላልሠራች ነው። ኤሌክትሮኑ ከመሃል ወደ አንዱ በጥቂት በጥቂቱ ያዘነብላል። የእኛ ስሞች በዚያ መንገድ ላይ የተተከሉ ምልክቶች ናቸው። ፈተና ላይ ቁጥሩን ተጠቀሙበት፤ ጥያቄው መቅለጫውንና ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ከነገራችሁ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ጠባዩን እመኑ።

ማዳበሪያን ተመልከቱ። ከናንተ መሃል ቤተሰቡ ገበሬ የሆነ ዳፕንና ዩሪያን በዓይኑ ይለያቸዋል። ዳፕ ዳይአሞኒየም ፎስፌት ነው። ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ኦክስጅን፤ ሁሉም ኖንሜታል። ሠንጠረዡን የቸከለ ተማሪ «ኮቫለንት» ይላል። ግን ዳፕ የአሞኒየምና የፎስፌት አዮኖች ጠጣር ነው፤ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ዩሪያም ከኖንሜታሎች ነው፤ እሱ ግን እውነተኛ ሞለኪውል ነው። በ133 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ንጹሑ ሲሟሟም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሁለቱም በአንድ ማሳ ይበተናሉ፤ ቦንዳቸው ግን ይለያያል። «አሞኒየም» የሚል ስም ስታዩ ወዲያው ቆም በሉ።

ሁለቱንም ቦንድ በአንድ ቁስ ውስጥ ማየት የፈለገ አዮዲን ያለውን የገበታ ጨው ያስብ። አዮዲኑ የሚጨመረው በፖታሲየም አዮዴት መልክ ነው። በአዮዴቱ ውስጥ አዮዲንና ሦስቱ ኦክስጅኖች በኮቫለንት ተያይዘዋል። ጠቅላላው ኔጋቲቭ አዮን ሆኖ ደግሞ ከፖታሲየሙ ጋር በአዮኒክ ይሳሳባል። «ቦንዱ የትኛው ነው?» ቢባል መልሱ «ሁለቱም፤ የት እንደሆነ ልንገርህ» ነው።

ከመቀመጤ በፊት ኢነርጂን እናጽዳ። «ቦንድ ሲበጠስ ኢነርጂ ይለቀቃል» የሚለው በየክፍሉ አለ። ምንጩም ይገባኛል፤ ባዮሎጂ ላይ ስለ ኤቲፒ፣ ሴሎች ለሥራቸው ኢነርጂ ስለሚያገኙበት ሞለኪውል፣ «ቦንዱ ሲሰበር ኢነርጂ ይሰጣል» ይባላል። ተሳስተን እንዳንቀር። የሚሳሳቡ ነገሮችን ማላቀቅ ሁልጊዜ ኢነርጂ ይወስዳል። የሚለቀቀው አዲስ ቦንድ ሲሠራ ነው። ኤቲፒም ከውሃ ጋር ሲገናኝ አንድ ቦንድ ይበጠሳል፣ ሌሎች ይሠራሉ፣ ምርቶቹም በውሃው ተከበው ይረጋጋሉ። ትርፉ የመጣው ከዚያ ነው።

በቁጥር፦ ሃይድሮጅንና ክሎሪን ሃይድሮጅን ክሎራይድ ሲሠሩ፣ ለመበጠስ 436 ሲደመር 242፣ 678 ኪሎጁል አወጣን። ሁለት አዲስ ቦንድ እያንዳንዱ 431 ሰጠን፣ 862 ሆነ። ትርፉ 184 ኪሎጁል ነው። ናይትሮጅንን ደግሞ ተመልከቱ። በሁለቱ አቶሞች መካከል ያለው ሦስት እጥፍ ቦንድ 945 ኪሎጁል ይጠይቃል። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ተክል በቀጥታ የማይጠቀምበት፣ ማዳበሪያ ፋብሪካም ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀት፣ ከ150 አትሞስፌር በላይ ግፊትና ካታሊስት (ለውጡን የሚያፋጥን ቁስ) የሚፈልገው በዚህ ቦንድ ምክንያት ነው። የማዳበሪያ ዋጋ ውስጥ ይህ 945 አለበት።

የመጨረሻው ልምምድ። አምስት ጠጣሮች አሉ፣ ስም የላቸውም። አንደኛው በ770 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ጠጣሩ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ቅልጡ ያስተላልፋል። ሁለተኛው በ133 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በየትኛውም መልኩ አያስተላልፍም። ሦስተኛው በ660 ይቀልጣል፣ ጠጣሩም ቅልጡም ያስተላልፋል። አራተኛው ከ1,700 በላይ ይቀልጣል፣ አያስተላልፍም፣ ውሃም አያሟሟውም። አምስተኛው እስከ 3,500 ዲግሪ አይቀልጥም፤ ጠጣሩ ግን ያስተላልፋል፣ ከጣት ላይም ጥቁር ይተዋል።

የመጀመሪያዎቹን አራቱን አሁን መመለስ ትችላላችሁ። ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ዩሪያ፣ አሉሚኒየም፣ ኳርትዝ። አምስተኛው ላይ ሠንጠረዡ ግራ ይጋባል። ሜታል አይደለም፣ ግን ያስተላልፋል። እርሳሳችሁ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው። እያንዳንዱ ካርቦን ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር በኮቫለንት ይያያዛል። አራተኛው ኤሌክትሮኑ በንጣፉ ሁሉ ላይ ይዘዋወራል፤ ስለዚህ ያስተላልፋል። ንጣፎቹ እርስ በርሳቸው በደካማ መሳሳብ ብቻ ስለተያዙ ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ያው ካርቦን አራቱንም ኤሌክትሮኖች በአራት ቦንድ ሲያስር አልማዝ ይሆናል፤ አልማዝ አያስተላልፍም። ኤለመንቱ አንድ ነው። ጠባዩን የለወጠው የኤሌክትሮኖቹ ቦታ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ረድፍ እንጀምር።